ጎረቤት የሌለው ገበሬ

የእግር ኳሱን ጌም አላምነውም። ተሸንፎ የወጣ ሁሉ ማሽኑን እንደሚሰድብ አውቃለሁ፤ የእኔ ግን ከሽንፈት የመጣ አይደለም፣ ሳሸንፍም አላምነውም። ሁለት ለዜሮ እየመራሁ ጨዋታው ሊያልቅ ሲቃረብ የተከላካዮቼ እግር ይከብዳል። ቅድም ኳስ ከአየር ላይ ሲለቅም የነበረው በረኛዬ ቆሞ ያያል። ልጆቹ ማሽኑ ለተሸናፊው አዘነለት ይላሉ። እኔ አዘነለት አልልም። ተስፋ የቆረጠ ሰው ተነስቶ ይሄዳል፤ አንድ ጎል ያገባ ሰው ግን "ድገመኝ" ብሎ ይቀመጣል። ማሽኑ ይህን ሳያውቅ አይቀርም። አንድ ቀን ላረጋግጥ ብዬ ጆይስቲኩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ እጄን አነሳሁ። ቡድኔ ያለ እኔ ከእኔ በተሻለ ኳሱን ጠበቀ። ተጋጣሚዬ አሰልጣኙ ሲባረር ቡድኑ ተሻሻለ እያለ የመርሳን ከተማ ሁሉ አዳረሰብኝ።

የመኪና ውድድሩን የጠረጠርኩት መንገዱን አይቼ ነው። ከመርሳ ወደ ውርጌሳ በሚኒባስ የሄደ ሰው መንገድ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ጭድ የተጫነች አህያ አለች፣ ግመል አለ፣ መሀል አስፋልት ቆሞ ስልክ የሚያወራ አለ፣ ከየት እንደወጣ የማይታወቅ ባጃጅ አለ። ጌሙ ውስጥ ተራራውም ባሕሩም አስፋልቱም ያምራሉ፣ የሚሻገር ሰው ግን የለም። ማንም የማይሄድበትን መንገድ ያን ያህል አሳምሮ የሠራው ማን ነው? ለምን? ተገልብጠህ ገደል ብትገባ እንኳ መኪናው ቀለሙ ሳይላጥ ተመልሶ አስፋልቱ ላይ ይቆማል።

ጓደኞቼ ከሁሉ የሚወዱት መኪና እየቀማህ ከተማ የምትዞርበትን ነው። ከተማው በሰው የተሞላ ስለሆነ መጀመሪያ እኔም ወድጄው ነበር። በኋላ ግን ከመኪና ወርጄ ቦርሳ የያዘ አንድ ሰውዬ መከተል ጀመርኩ። ቤቱን ለማየት ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ምን ትጠብቃለህ፣ በለው እንጂ እያለ ይነዘንዘኛል። ሰውዬው ሰዓቱን አየ፣ መንገድ ተሻገረ፣ ታጠፈ፣ እንደገና ታጠፈ፣ ዞሮ ዞሮ መጀመሪያ ያገኘሁበት ቦታ ደረሰ። ጥጉን ሲያልፍ ለአፍታ ከዓይኔ ተሰወረ፤ ስደርስ የለም። በር ከፍቶ አልገባም፤ በቃ የለም። ከዚያ ወዲህ የዚያን ከተማ መስኮቶች ጠጋ ብዬ እያየሁ ነው የማልፈው። ሁሉም የተቀቡ ናቸው። ከኋላቸው ክፍል የለም።

ትንሽ የማምነው የድብድቡን ጌም ነው። ሁለት ሰዎች ይቆማሉ፣ ይደባደባሉ፣ አንዱ ይወድቃል። ሌላ ነገር ነኝ አይልም።

ይህን ሁሉ የተጫወትኩት አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ከአስፋልቱ ወደ ገበያው በሚወስደው ኮረኮንች ላይ ባለው በአክስቴ ልጅ ጌም ቤት። በዕድሜ ትበልጠኛለች። ጅዳ የሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ ስትመለስ ሰው ሁሉ ልብስ ቤት ትከፍታለች ብሎ ነበር የጠበቀው። እሷ ግን የአሠሪዎቿ ልጆች ሲጫወቱ እያየች የለመደችውን ነገር ይዛ መጣች። ለፍታ ያገኘችው ሁሉ እዚያ ክፍል ውስጥ ነበር። በሩ ላይ ደግሞ ፀሐይ ቲቪው ላይ እንዳያርፍ መጋረጃ ሰቀለች። የሰፈሩ ጥርጣሬ ከዚያ ጀመረ። ውርርድ ነው የሚጫወቱት ተባለ። ጫት ነው ተባለ። አንዳንዱ ሌላም አለ። እሷ ለማንም መልስ አትሰጥም። ጠዋት ትከፍታለች፣ ሲመሽ ዘግታ እናቷ ቤት ትገባለች፤ ጎረቤት ደጅ ቆማ ስታወራ ያያት የለም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት እዚያ የሰው በር ስጠብቅ ኖሬያለሁ፣ እዚህ ደግሞ የራሴን ልጠብቅ አለችኝ።

የተኩሱን ጌም በተመለከተ ያለኝ አስተያየት አጭር ነው። አልጫወተውም። በጦርነቱ ጊዜ ወልድያ ወይም መርሳ የኖረ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቀኝም። የሚጫወቱት ልጆችም ቢሆኑ ማንም ሳያዝዛቸው ድምፁን ዝቅ አድርገው ነበር የሚጫወቱት። ይህን አስተውዬ ለብቻዬ ስገረም ከርሜያለሁ። ኳስ ሲጫወቱ ጣሪያ የሚያነሱ ልጆች እሱ ጋ ሲደርሱ እንደሚያንሾካሹክ ሰው ይሆናሉ።

የገበያ ቀን ነበር። የአክስቴ ልጅ አዲስ ስፒከር ገዝታ፣ ኳሱ ድምቀት እንዲኖረው ብላ ከቲቪው ጋር ካገናኘችው ገና ሳምንቱ ነው። እሷ ዝርዝር ፍለጋ ወጣ አለች። ከወልድያ ለሠርግ የመጡ ሁለት ወጣቶች ገቡ፣ የተኩሱን ጌም ከፈቱ፣ ስፒከሩን አገኙት። እኔ ሌላው ቲቪ ላይ ነበርኩ። የመጀመሪያው ሩምታ ሲለቀቅ እኔ ራሴ፣ ከየት እንደመጣ እያየሁት፣ ወንበር ሥር ገብቻለሁ። ዘልዬ ሶኬቱን ስነቅለው ውጭ ጸጥ ብሏል።

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። ገበያው ተበትኗል። ቲማቲም መሬት ላይ ተንከባሏል፣ የተጣለ ጫማ አለ፣ የሱቅ በሮች ተዘግተዋል። አንድ ሰውዬ ከአህያው ሥር በደረቱ ተኝቷል። ያለቀሰ የለም፣ የጮኸም የለም፤ ሁሉም የለመደውን ነገር ነው ያደረገው። ከዚያ ቀስ እያሉ ተነሱ። ሲነሱ ድምፁ የመጣበትን አቅጣጫ አይደለም ያዩት። እርስ በርስ ነበር የሚተያዩት። ማን ተኮሰ፣ ማን ምን ይዟል፣ ከአጠገቤ የቆመው ማነው የሚል ዓይን ነበር። የተጎዳ ሰው አለመኖሩ ሲታወቅ ነው አንዷ ሴት እጇን ወደ መጋረጃው የቀሰረችው።

በማግሥቱ ክፍሉን ያከራያት የቤቱ ባለቤት መጣ። ክፉ ሰው አይደለም። ሰፈሩ ቤቱ ይዘጋ እያለ ነው፣ እኔ ግን የሰፈሩ ሽማግሌዎች መጥተው አይተው የሚሉትን እሰማለሁ አለ። እሱ ሲወጣ የአክስቴ ልጅ ጆይስቲኮቹን በጨርቅ ትወለውል ነበር። ሳታቋርጥ ተናገረች።

"ከዘጉብኝ ጅዳ እመለሳለሁ።"

"ኮንትራት የት አለሽና?"

"በባሕር።"

በወረዳችን በሀብሩ ያለ ወረቀት በባሕር መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ለማንም አያስረዳም። የሄደ አለ፣ የደረሰ አለ፣ ስልኩ ተዘግቶ የቀረ አለ። የምሯን መሆኑን ለማወቅ ፊቷን አየሁ፤ ጨርቁን አጣጥፋ ሌላውን ጆይስቲክ አነሳች። ማታ እናቷ ቤት ስገባ የጉዞ ሻንጣዋ ከቁም ሳጥን ላይ ወርዶ አልጋ ሥር ተቀምጧል። ስለ ሻንጣው አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት እንደምትዋሸኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

ለሽማግሌዎቹ የማስረዳው እኔ እንድሆን አደረገችኝ። ግጥም ትጽፍ የለም፣ ያ ሁሉ አፍ ለመቼ ነው አለችኝ። እኔም እቅድ አወጣሁ። የተኩሱን ሲዲ ኪሴ ከተትኩ። መጀመሪያ የማሳያቸው የእርሻውን ጌም ነው። ስለዚያ ጌም ክፉ ተናግሬ አላውቅም። አንድ ገበሬ አለ፣ ያርሳል፣ ይዘራል፣ ዝናቡ በወቅቱ ይመጣል፣ አንበጣ የለም፣ ተምች የለም። ሌላውን ሁሉ ስጠረጥር እሱን ዝም ያልኩት ስለሚያሳርፈኝ ነው። ሽማግሌዎቹም የእርሻ ሰዎች ናቸውና ደስ ይላቸዋል ብዬ አሰብኩ።

ሦስት ሆነው ረፋዱ ላይ መጡ። ከፊት የነበሩት የሰፈራችን ቅሬ ዳኛ ናቸው፤ ቅሬ ማለት እኛ ዘንድ እስላም ክርስቲያኑ አብሮ የሚቀባበርበት ማኅበር ነው፣ ዳኛው ደግሞ መሪው። ከሳቸው ጋር ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ላይ የጨረሱ ጡረተኛ ሾፌርና ወደ ሲሪንቃ በኩል መሬት ያላቸው፣ አንገታቸው ላይ ማተብ ያሰሩ ገበሬ ነበሩ። ሰላምታው ረዘመ። ዳኛው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሀል አቆሙና ቲቪዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ገና ያልተከፈቱትን ጭምር።

የእርሻውን ከፈትኩ።

"ይሄ ማነው?" አሉ ገበሬው።

"ገበሬ ነው አባቴ።"

"የየት አገር ገበሬ?"

"አገሩ አልተጻፈም።"

ትራክተሩን አስነሣሁ። ሾፌሩ ደስ አላቸው፤ ሞተሩ ስንት ፈረስ ነው ብለው ጠየቁኝ፣ አላወቅኩም። ኮረብታውን እስከ ጫፉ አረስኩት፣ ዘራሁት። ዝናብ ጣለ። ስንዴው እያየነው በቀለ። ልቤ ሞቅ አለ፤ ዞር ብዬ ሳያቸው ግን የፈገገ የለም።

"ይሄ ሁሉ መሬት የማነው?" አሉ ዳኛው።

"የሱ ነው።"

"ወሰንተኛውስ?"

ቲቪውን አየሁ። በዚህም በዚያም አጥር ነው። "ወሰንተኛ የለውም አባቴ።"

"ውሃውን ከላይ ማን ይለቅለታል?"

"ራሱ ይመጣል።"

"ሲታመምስ ማን ያጭድለታል?"

"አይታመምም።"

ገበሬው ወደ ዳኛው ጠጋ ብለው አንድ ነገር አንሾካሾኩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ሰውዬው ሚስት እንዳለው፣ ልጅ እንዳለው፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሚሄድበት ቀን እንዳለው ጠየቁኝ። የለውም። እህሉን ታዲያ ለማን ያጭዳል? ይሸጣል አልኩ። ለማን? አሳየኋቸው፤ ከበሩ ፊት አንድ ሳጥን አለ፣ እህሉን እዚያ ይጨምራል፣ ሳጥኑ ይውጠዋል። የሚረከበው ሰው አይታይም። እያሳየሁ ራሴ ደነገጥኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ስጫወተው ያ ሳጥን ገርሞኝ አያውቅም።

ገበሬው ጉዳዩን ዘጉት። "ይሄ ሰውዬ ደም አለበት" አሉ።

"ምን አባቴ?"

"ሰው ገድሎ ከአገሩ የጠፋ ነው። አለዚያ ወሰንተኛ የሌለበት አገር ሄዶ ብቻውን የሚያርስ ማን አለ? እህሉንም በር ላይ የሚጥለው ፊቱ እንዳይታይ ነው።"

ሾፌሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። የጅቡቲን መስመር ሲመላለሱ እንደዚህ ያሉ ሰዎች አይተዋል፤ ስማቸውን እንኳ የሚነግሩህ ቀይረው ነው አሉ። የአክስቴ ልጅ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። ወደ እኔ አላየችም።

ቶሎ ወደ መኪናው ቀየርኩ። ጆይስቲኩን ለሾፌሩ ሰጠኋቸው። ጥሩንባው የት ነው አሉ፤ ጥሩንባ የለውም ስላቸው ጥሩንባ የሌለው መኪና አልነዳም ብለው ሊመልሱልኝ ነበር፣ ሌሎቹ ሲስቁባቸው ያዙት። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ገደል ገቡ። መኪናው ተመልሶ አስፋልቱ ላይ ቆመ። እንደገና ገቡ፤ እንደገና ቆመ። ጆይስቲኩን እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው አስቀመጡት። በዚህ የለመደ ልጅ ነገ ባጃጅ ሲይዝ፣ የሞተም የሚነሣ ይመስለዋል አሉ። እኔ ለራሴ ስጽፈው የከረምኩትን ነገር ከሳቸው አፍ ስሰማው፣ በዚያ ሰዓት መስማማት አልቻልኩም። ጥብቅና የቆምኩለትን ነገር ሁሉ የማልወደው መሆኔ የገባኝ ያኔ ነው።

ኳሱን ወደዱት። ገበሬው፣ ጌሙ ውስጥ ጨዋታውን እየተነተነ የሚለፈልፈው ሰውዬ የት ተቀምጦ እንደሚያይ ለማወቅ ፈለጉ። ዳኛው ግን ከዘራቸውን መሬት ላይ ነካ አደረጉ።

"ያን ቀን የጮኸውን አሳዩን።"

ተነሥቷል፣ አሁን እዚህ የለም አልኩ። ዳኛው አዩኝ። የአክስቴ ልጅ ከግድግዳው ተላቀቀች።

"ኪሱ ውስጥ ነው" አለች።

መጥታ ሲዲውን ከኪሴ አውጥታ ማሽኑ ውስጥ ከተተችው። ዳኛው ያለ ድምፅ ይሁን አሉ። ጆይስቲኩን ራሷ ያዘች። ስትጫወተው አይቻት አላውቅም ነበር፤ ጎበዝ ናት። በፈራረሰ ግድግዳ ሥር እያለፈች ትተኩሳለች። አንዱ ወደቀ፣ ሌላው ወደቀ። ድምፅ ስለሌለው የጆይስቲኩ ቁልፍ ብቻ ነበር የሚሰማው። እሷ አልፋ ስትመለስ የወደቁት የሉም፤ መሬቱ ባዶ ነው።

ዳኛው ወደፊት አዘነበሉ።

"የወደቀው የት ሄደ?"

"ይጠፋል አባቴ" አለች።

"ማን አነሣው?"

"ማንም አላነሣውም። ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይጠፋል።"

ዳኛው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ምን እንዳሉ አልሰማሁም። ጦርነቱ መርሳ በደረሰ ጊዜ የተረፈው ሰው ሁሉ በር ዘግቶ ተቀምጦ ሳለ፣ እሳቸውና ጥቂት የቅሬው ሰዎች መንገድ ዳር የወደቀውን እየዞሩ ያነሡ እንደነበር እናቴ ነግራኛለች። ከየትኛው ወገን ነው ብለው አልጠየቁም ነበር።

"እኛ ስሙን የማናውቀውን ቀብረናል" አሉ። "ይሄን የማይቀበርበትን ከቤትሽ አውጪልኝ።"

"እሺ አባቴ።"

"አንቺስ? ቅሬሽ የት ነው?"

አልጠበቀችውም። "እናቴ አለች" አለች።

"የእናትሽ የእናትሽ ነው። የዚህን ቤት ነው የምጠይቅሽ።"

ጆይስቲኩን አስቀመጠች። እሳቸው ድምፃቸውን አላነሡም። ያን ቀን ሰው የሸሸው ተኩስ ስለሰማ ብቻ እንዳልሆነ፣ ከማን ቤት እንደወጣ የሚያውቅ ስለሌለ እንደሆነ ነገሯት። የሚያውቁት ቤት ቢሆን የእገሊት ቤት ልጆች ናቸው ተብሎ ገበያው ባልተበተነ ነበር። ለባለቤቱ የምንለው እንግዲህ ይህ ነው አሉ፤ ስፒከሩ ይነቀል፣ ሲዲው ይውጣ፣ ልጅቷ በዚህ ቤት ስም ቅሬ ትግባ። ሌሎቹ እሳቸውን ደገፉ። ከዚያ እጃችንን ዘረጋን፣ ዳኛው ዱአ አደረጉ፣ ገበሬውም አሚን አሉ።

እነሱ ሲወጡ ደስ ይላታል ብዬ ነበር። አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና "ያዙኝ" አለች። ቅሬ የገባ ሰው ጥሪ ሲሰማ ሥራውን ጥሎ ይወጣል፤ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ያመጣል፣ ለቅሶ ቤት ያድራል። ያልመጣ ይቀጣል። ሊያስቀሩኝ ነው እንጂ ስለ ድምፁ ምን ገዷቸው አለች። እኔም ጠርጥሬያለሁ። ሻንጣው አልጋ ሥር እንዳለ ከእናቷ ሰምተው መጥተው ይሆን? ዳኛው ሲገቡ ቲቪዎቹን ያዩበት ዓይን ትዝ አለኝ። የመጡት ጌም ሊያዩ መሆኑን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

ተመዘገበች። ቤቱም አልተዘጋም። ስፒከሩ ከተነቀለ፣ የቲቪውም ድምፅ ከተዘጋ ወዲህ ኳሱን ያለ ተንታኙ ነው የምንጫወተው፤ አስተያየቴን ለሚጠይቀኝ እንደዚያ ይሻላል እላለሁ፣ ማሽኑ ሲያጭበረብር ቢያንስ በጭብጨባ አያጅበውም።

ጥሪው የመጣው አንድ ቀን ከሰዓት ነው። የቅሬው ጠሪ በኮረኮንቹ ላይ እየጮኸ አለፈ፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የሚኖሩ አንዲት እናት አርፈዋል። ሦስት ለአንድ እየመራሁ ነበር። የአክስቴ ልጅ ሻርፗን ከምስማሩ አወረደች፣ ማከፋፈያውን ከግድግዳ ነቀለች፣ ቲቪዎቹ በአንድ ላይ ጠፉ። ልጆቹ አጉረመረሙ።

"በሉ ውጡ" አለች። "ወንበር የሚሸከም ያስፈልጋል።"

ቆልፋ ወጣች። እኛም ምን እናድርግ፣ ተከተልናት። አግዳሚዎቹን ከቅሬው መጋዘን ተሸክመን ስንደርስ ሴቶቹ መሀል ገብታ ጀሪካን ስትቀበል አየኋት። አንዷ ሴት፣ ያን ቀን እጇን ወደ መጋረጃው የቀሰረችው ትመስለኛለች፣ አንድ ነገር ነገረቻት። ምን እንዳለቻት ለመስማት ጠጋ አልኩ፤ ስለ ውሃው ቦኖ መዘጋት ነበር የሚያወሩት።

ከቀብር ስንመለስ መንገድ ላይ ብቻችንን ሆንን። ያን ጊዜ ሻንጣውን አንሥቼ ጠየቅኳት። ሊዋሸኝ የሚችልን ሰው ፊት ለፊት መጠየቅ አልወድም፤ ያን ቀን ግን ጠየቅኳት።

"ትሄጃለሽ?"

የጀሪካኑ ገመድ ያቀላውን መዳፏን እያሻሸች ትንሽ ሄደች።

"ቅዳሜ የውሃ ተራው የኔ ነው" አለች።

"ከቅዳሜ በኋላስ?"

"ከቅዳሜ በኋላ ደግሞ የሰልስቱ ዕቃ አለ። አንተ ምን አስቸኮለህ?" አለችና የጌም ቤቱን ቁልፍ ወርውራልኝ፣ ገብተህ ክፈት፣ ልጆቹ በር ላይ ቆመው ይሆናል ብላ ወደ ለቅሶ ቤቱ ተመለሰች።